መቀስ ከሞተ በኋላ ለሠራው አልበም ከአክስቱ የቀረበ ምስጋና

ለተከበሩ የሙዚቃ አሳታሚ ድርጅቱ ሥራ አስኪያጅ፤
ግልባጭ፦ ከሩቅ ላስመጧቸው ክቡር ፕሮዲውሰር

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንዴት ነው? በተለይ ጆሮዎ እንዴት ሰንብቷል? አልበሙን ከዳር እስከ ዳር አዳምጠው ያጸደቁት እርስዎ ነዎት ሲባል ስለሰማሁ፣ ከልቤ አሳስቦኝ ነው የምጠይቅዎ። እኔ በጣም ደህና ነኝ፤ ሰሞኑን እንዲያውም ደስ ብሎኝ ነው የከረምኩት። ወሬ እንደማበዛ ደንበኞቼ ሁሉ ያውቃሉና ቢቻልዎ ተቀምጠው ያንብቡኝ።

እኔ ሰዉ «መቀስ» እያለ የሚጠራው የራፕ ዘፋኝ አክስት ነኝ፤ ሥራዬ ልብስ ስፌት ነው። ልጁን ያሳደግሁትም እኔ ነኝ። ግጥሞቹን ይቀርጽ የነበረው ከስፌት ቤቴ ጓዳ፣ ተሰፍተው ባለቤት በሚጠብቁ ካፖርቶች መሐል ቆሞ ነው፤ ካፖርት የመንገዱን ጫጫታ ይውጥልኛል ይል ነበር። ታሞ ካረፈ እነሆ ሁለት ዓመት ሆነው። ገና እንባችን ሳይደርቅ ከእርስዎ ዘንድ ሁለት ትሑት ሰዎች መጥተው፣ ከልጁ ጋር ውል አለን ብለው፣ ስልኩን ከነሚሞሪ ካርዱ «ለሦስት ቀን ብቻ» ተዋሱኝ። እነዚያ ሦስት ቀኖች እስከ ዛሬ አላለቁም። አሁን ደግሞ ከዚያ ስልክ አውጥተው የሠሩት አልበም ሁለተኛ ቅጽ ሊወጣ ነው ተባለ። እኔ የምለምነው አንድ ነገር ነው፤ ሁለተኛው ቅጽ ይቅርና የልጄ ድምፅ ወደ ቤቱ ይመለስ። ስለ መጀመሪያው ግን ሳላመሰግን ባልፍ ነውር ስለሚሆንብኝ በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

፩. በአሥራ አራት ዘፈን ውስጥ አሥራ ዘጠኝ እንግዳ ስለጋበዙለት አመሰግናለሁ። ልጁ በሕይወቱ ከሰው ጋር የሠራው ከአብሮ አደጉ፣ ከቴሌቪዥን ጠጋኙ ጋር ብቻ ነው፤ እሱንም ቢሆን እየተጨቃጨቁ። አሁን ግን አይቷቸው የማያውቅ ሰዎች «ወንድሜ» እያሉ ያለቅሱለታል። ሦስተኛው ዘፈን ላይ መቀስ በጠቅላላው አሥራ አንድ ሰከንድ ይናገራል፤ በሰዓት ይዤዋለሁ። የቀረውን ጊዜ እንግዶቹ ስለ መኪናቸው ያጫውቱናል። በገዛ ቤቱ በር ላይ ቆሞ «ልግባ?» የሚል ባለቤት አይቼ አላውቅም ነበር፤ እድሜ ለእርስዎ አየሁ።

፪. ክቡር ፕሮዲውሰሩ ልጁን አንድም ቀን ሳያገኙት «ልቡ ውስጥ ያለውን አውቃለሁ» ብለው በቃለ መጠይቅ መናገራቸው ኩራት ሆኖልኛል። ልቡን ስላወቁለት ነው መሰለኝ፣ ቴሌቪዥን ጠጋኙ በአንዲት ከበሮና በተቀደደ ስፒከር የሠራለትን ምት አሽቀንጥረው በምትኩ ቫዮሊን፣ የመዘምራን ጩኸትና ነጎድጓድ ያስገቡለት። ልጄ ነጎድጓድ ሲሰማ ጠረጴዛዬ ሥር የሚገባ ሰው ነበር፤ ያውም በሃያ ስድስት ዓመቱ። ቴሌቪዥን ጠጋኙን እንዳይጠይቁት ሱቁ ከቢሮዎ ሁለት መንገድ ያሻግራል፣ ድካም ነው። እሱስ አልበሙን ሰምቶ ሲያበቃ ያለኝ አንድ ነገር ነው፤ «እትዬ፣ እነዚህ ሰዎች እኮ ደግመው ቀበሩት፤ ያውም በዝናብ!»

፫. ለዘጠነኛው ዘፈን የተለየ ምስጋና አለኝ። እኔ ልክ የጻፍኩበት ወረቀት ስለሚጠፋብኝ፣ ደንበኛ ስለካ ልጁ ቁጥሩን ጮክ ብሎ እየደገመ በስልኩ ይቀዳልኝ ነበር። ፕሮዲውሰሩ ታዲያ ይህን አግኝተው «ትከሻ አርባ ሁለት፣ ወገብ ዘጠና ስምንት፣ ዳሌ መቶ አሥራ ሁለት፣ እጅጌው ሰፋ ይበል» የሚለውን አዝማች አድርገው ሃያ አራት ጊዜ አስደጋገሙት። አንድ ጋዜጠኛም ቁጥሮቹ የመከራ ዘመኖቹ ናቸው ብሎ በሁለት ገጽ ተንትኖታል። የወገቡ ባለቤት የተከበሩ የትምህርት ቤት ርዕሰ መምህርት ናቸው፤ እየበረሩ መጥተው «አንቺ ሴትዮ፣ ታክሲ ሙሉ ሰው ወገቤን እያዜመው ወረድኩ እኮ!» አሉኝ። ሳቅ ገድሎኝ መርፌው ከአፌ ወደቀ። ካረፈ ወዲህ እንደዚያ ስቄ አላውቅም፤ ለዚህስ የምሬን ነው የማመሰግንዎ። ርዕሰ መምህርቷ ግን ከዚያ ወዲህ አራት ሴንቲሜትር ስለቀነሱ በሚቀጥለው እትም እንዲታረምላቸው በአክብሮት ይጠይቃሉ።

፬. አሁን ትንሽ ኮስተር ልበል። ልጁ አንድ ዘፈን ለመጨረስ ስምንት ወር ይፈጅበት ነበር። ያልወደደውን ስልኩ ላይ «ቁርጥራጭ» ብሎ በሰየመው ፎልደር ያጉረዋል፤ «አክስቴ፣ ይኼ ለትራስ መሙያ ነው» ይለኝ ነበር። ድርጅትዎ «ከምርጦቹ የተመረጡ» ብሎ ያወጣው በሙሉ ከዚያ ፎልደር ነው፤ አንድም አላመለጠዎትም። «ያለቀ» በሚለው ፎልደር ደግሞ አንዲት የሦስት ደቂቃ ዘፈን ነበረች፤ ሆስፒታል ሊገባ አራት ቀን ሲቀረው የጨረሳት። እሷን ሰዎችዎ ተዉአት፤ ከኋላዋ የስፌት መኪና ስለሚሰማ ጥራት ይጎድላታል ተባለ። መኪናዋ የእኔ ናት። ልጁ ጠልቷት ቢሆን ኖሮ «አክስቴ፣ አንዴ አቁሚልኝ» ለማለት አፍ አልቸገረውም ነበር። ያቺን ዘፈን ካረፈ ወዲህ አልሰማኋትም።

ለድርጅትዎ ረጅም ዕድሜ፣ ለዘፋኞችዎ ደግሞ ከድርጅቱም የረዘመ ዕድሜ እየተመኘሁ፣ ጎንበስ ብዬ እጅ እነሣለሁ።

አክባሪዎ፣
ልብስ ሰፊዋ፣ የመቀስ አክስት

ሳልረሳው፦ ባለፈው ሳምንት ለሁለተኛው ቅጽ ማስተዋወቂያ «ያልተሰማው የመጨረሻ ድምፁ» ብለው ጎርነን ያለ ነገር ለቀዋል። ሕዝቡ ከሥሩ «ሞቱን አውቆት ነበር» እያለ ሲያለቅስ አንብቤያለሁ። ልጁ አዲስ ግጥም ሲጽፍ መጀመሪያ እኔን ማይክሮፎኑ ፊት አቁሞ ያስነብበኝና ትንፋሽ ያጠረኝ ቦታ ላይ ይቆርጠው ነበር። የለቀቁት ድምፅ የእኔ ነው፤ ጉንፋን ይዞኝ ነበር። ፕሮዲውሰሩ እንደ ከበሮ ደጋግመው የመቱትም ስናፈጥ ነው፤ ቴሌቪዥን ጠጋኙ እዚያው ስለነበር ይመሰክራል። የሞተ ሰው ፈቃድ አይጠየቅም ብለው ሰዎችዎ አስረድተውኝ ነበር። እኔ ግን አለሁ፣ አልፈቀድኩምም። የእኔን ድምፅ ከልጄ ድምፅ መለየት እንደማይሆንልዎ ስላየሁ፣ እንዳይደክሙ ካርዱን እንዳለ ይላኩልኝ። ስፌት ቤቱ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ጀምሮ ክፍት ነው።