ምንትዋብ በገዛ እጇ የበላች ቀን

ሃያ ሁለት፣ አዲስ አበባ
መጋቢት ወር፣ 1977 ዓ.ም.

ከአማትነት አልፈው እናት ለሆኑኝ፤

እንደምን ሰነበቱ? ጾሙስ እንዴት ይዞዎታል? ቅቤ ይዞ የሚመላለሰው ቢተው ጉልበትዎን ብርድ መትቶታል ብሎ ስለነገረኝ ሐሳብ ገብቶኛል። እኛ ለእግዚአብሔር ክብር ይግባውና ደህና ነን፤ ናፍቆትዎ ብቻ ነው የበረታብን። የመሠረተ ትምህርት ወረቀትዎን ተቀበሉ ሲባል በጣም ደስ አለኝ። ከእንግዲህ የኔን ደብዳቤ ሌላ ሰው አያነብልዎትም ማለት ነው። ስለዚህ ዛሬ አጠገብዎ ተቀምጬ እንደማወራ ሆኜ ነው የምጽፈው፤ ፊደሉንም ጎላ ጎላ አድርጌዋለሁ።

አምና ለልጅዎ ለተናኜ ሙት ዓመት መጥተው ሳለ ምንትዋብን አቅፈው፣ ይቺ ልጅ ክብደትም የላት፣ ላባ ናት እኮ፣ ማለትዎን አልረሳሁም። ሊሄዱ ሲነሡ፣ ልጄን ቀብሬያለሁ፤ የልጅ ልጄን ግን መቅበር አልችልም፤ ስጠኝና ይዣት ልሂድ፣ አሉኝ። እኔ ደግሞ ከእሷ ሌላ ምን ቀረኝ ብዬ እንቢ አልኩ። ሁለታችንም ክፉ ቃል አልተናገርንም፤ ግን ተኮራርፈን ተለያየን። ኋላ በቢተው አፍ፣ አፍንጫዋን ይዘህ ጋታት፤ እኛም ያደግነው እንደዚያ ነው፣ ብለው ላኩብኝ።

ጋትኳት። እግሮቿን በጉልበቶቼ መካከል አጣብቄ፣ በአንድ እጄ አገጯን ይዤ፣ በሌላው በማንኪያ። ከንፈሯን ሳስከፍታት ጥርሷን ትገጥማለች። ጥርሷን አልፎ የገባውንም ጉንጯ ውስጥ ይዛ ትቆይና መሬት ሳወርዳት ትተፋዋለች። የዋጠችውን ደግሞ ታስመልሰዋለች። እየቆየ ሲሄድ ሳህን ሲንኳኳ በሰማች ቁጥር አልጋ ሥር መግባት ጀመረች። አባት ልጁን ለምሳ በእግሯ ከአልጋ ሥር ሲጎትት ምን እንደሚመስል እግዜር ለማንም አያሳይ።

ያን ሰሞን ነበር ቦሌ የእርዳታ ስንዴው የመጣው። እንደሚያውቁት እኔ አውሮፕላን ማረፊያው ላይ ጭነት አውራጅ ነኝ። ከኅዳር ጀምሮ ሆዳቸው ሰፊ የሆነ የውጭ አገር አውሮፕላኖች ጆንያ ይዘው ያርፋሉ፤ እኛ እናወርዳለን፤ ከዚያ ወደ ሰሜን ለሚበሩት መልሰን እንጭናለን። ዱባለ የሚባል የሥራ ጓደኛዬ አንድ ቀን ለማራገፍ አብሯቸው ሄዶ ተመለሰ። ማታ ልንለያይ ስንል፣ ሕፃናቱ አያለቅሱም፣ አለኝ። ስንዴ ተሸክመህ ስትመጣ ዝም ብለው ያዩሃል።

ከቦሌ እስከ ቤቴ በእግሬ ስሄድ ይኸው ነገር አልለቀቀኝም። እዚያ አፍ አለ፣ እህል የለም፤ እኔ ቤት እህል አለ፣ አፍ የለም። ልጄ ጠግባ የተቀማጠለች እንዳልሆነች አውቃለሁ። የጎድን አጥንቷን በእጄ እየዳሰስኩ ነው ገላዋን የማጥባት። ያን ማታ ግን ተናደድኩባት። የሁለት ዓመት ተኩል ልጅ ላይ። ሳህኑን ከፊቷ አስቀምጬ ጮህኩ፤ እሷም አልጋ ሥር ገባች።

እንግዲህ እናቴ፣ ልነግርዎ የፈለግሁት ከዚህ በኋላ የሆነውን ነው።

ከገና በኋላ አንድ ቀን የሌሊት ተረኛ ሆኜ አድሬ፣ የሚተካን ሰው ስለቀረ እስከ እኩለ ቀን ጆንያ ስሸከም ቆየሁ። ምንትዋብን ጎረቤታችን ፈዲላ ነች ይዛልኝ የምትውለው። የወሎ ሰው ነች፤ ባሏ አብዱልጀባር የጎጃም መንገድ አውቶቡስ ሹፌር ነው። ልጅቱን ተቀብዬ ቤት ገባሁና ሽሮዬን አሙቄ፣ እንጀራ ላይ አፍስሼ፣ ትሪውን ሰሌኑ ላይ አስቀመጥኩ። ከመጀመሬ በፊት ወገቤን ለአፍታ ላሳርፍ ብዬ ግድግዳውን ተደገፍኩ። እንቅልፍ ጣለኝ።

የነቃሁት በአንድ ድምፅ ነው። የምላስ ድምፅ ነበር። መጀመሪያ የጎረቤት ድመት የገባች መስሎኝ ልነሣ ስል፣ በሽፋሽፍቴ መካከል የምንትዋብን ጭንቅላት አየሁ።

ትሪው ላይ አጎንብሳለች። እንጀራውን ቀደደች፤ አመለጣት፤ ፈልጋ አነሣችው። ሽሮው ውስጥ ነከረችው፣ አሸተተችው፣ በምላሷ ጫፍ ነካችውና መልሳ አስቀመጠችው። እንደገና አነሣችው። ከዚያ አፏን ከፈተች። ያን ስንት ወር የታገልኩትን አፍ በራሷ ፈቃድ ከፈተችና ጎረሰችው። ስታላምጥ ለራሷ የሆነ ነገር ታጉተመትማለች። ሽሮው ቅንድቧ ደርሷል። አውሮፕላን በጣሪያችን ላይ አልፎ ቆርቆሮው ሲንቀጠቀጥ ቀና ብላ አየችና ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

እኔ ትንፋሼን ይዤ ነበር። ቤተ ክርስቲያን ቆሜ እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም። ብንቀሳቀስ የሚጠፋ መሰለኝ። ወደ እኔ ዞር ስትል ዓይኔን ጨፈንኩ። ሲበቃት እጇን ሱሪዬ ላይ ጠረገችና ጉልበቴን ተንተርሳ ተኛች። እኔም ያን ሁሉ ሰዓት እግሬ ደንዝዞ ሳልነሣ ቆየሁ።

በማግሥቱ ለፈዲላ ስነግራት ሳቀች። እንግዲያው ምሳ በደረሰ ቁጥር ተኛላት፣ አለችኝ። ቀጥላ ግን ሳቋን ተወችና እንዲህ አለች፦

"የኔዎቹ አምስቱም አንድ ትሪ ላይ ናቸው። ማን በላ፣ ማን ተወ ብዬ የማይበት ጊዜ የለኝም። አንተ ሁለት ዓይንህን አፏ ላይ ተክለህ እንዴት ብላ ትዋጥ? አንተን ራስህን እንደዚያ ብናይህ ይወርድልሃል?"

እውነቷን ነው፤ አይወርድልኝም።

ከዚያ በኋላ ሁሉም ነገር ቀና ማለቴ አይደለም። ዳቦ ብቻ የበላችበት ሰሞን አለ። እንቁላል ስትወድ ቆይታ በድንገት የጠላችው ሰሞን አለ። ጎመን ባቀረብኩ ቁጥር በጣቷ ገፋ አድርጋ ከትሪው ታስወጣዋለች። ዝም ብዬ እኔ ስበላው ታየኛለች። ሌላ ቀን ነካችው። ሌላ ቀን ነከሰችና ተፋችው። አሁን ከኔ ፊት እየሳበች ትበላዋለች። እኔ ያደረግሁት ሰዓቷን ጠብቄ ማቅረብ፣ በመሃል ሻይና ዳቦ አለማብዛት፣ አብሬያት መብላት፣ ከዚያም ዓይኔን ከአፏ ላይ ማንሣት ነው። ማቅረቡ የኔ ነው፤ መብላቱ የእሷ።

የሚገርመኝ ነገር ደግሞ አለ። ስትጠግብ ታቆማለች። አንዲት ጉርሻ ብትቀራት እንኳ፣ ያቺን ጉርሻ ትታ ትነሣለች። ይሄን ማን ነገራት? በዚያች እፍኝ በማትሞላ ሆድ ውስጥ ልኩን የሚያውቅ ማን ተቀመጠ? እኔ ይሄን ያህል ዘመን ስበላ መቼ እንደጠገብኩ ለይቼ አላውቅም። አንዳንዴ ከትሪው ማዶ ሆኜ አያታለሁና፣ ይቺን ልጅ እኔ የምጠብቃት ሳይሆን እንድጠብቀው አደራ የተሰጠኝ ነገር በውስጧ ያለ ይመስለኛል።

እንቢታዋም ያስደንቀኛል። እናቴ፣ እዚህ ከተማ ውስጥ እንቢ የሚል ሰው ካየሁ ቆይቷል። ስብሰባ ላይ እጅ አውጡ ስንባል እናወጣለን። እኔም ባለፈው፣ ማን ይሄዳል ሲባል፣ እጃቸውን ካወጡት አንዱ ነኝ። እሷ ግን ክንድ በማትሞላ ቁመቷ፣ አባቷን ያህል ሰው በጉልበት ይዟት፣ አይሆንም አለች። በኋላም እሺ ያለችው በራሷ ጊዜ ነው።

ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። የሥራ ቦታዬ ሊለወጥ ነው። የምንሄድበት አገር ከዚህ ሩቅ ነው፤ ጫማና ብርድ ልብስ ሰጥተውናል። ብዙ ነን፤ ዱባለም አለበት። ልጅ ይዞ የሚኬድበት አይደለም። ስለዚህ አምና እንቢ ያልኩዎትን ዛሬ በራሴ ፈቃድ እያደረግሁት ነው። ይህን ደብዳቤ የሚያደርስልዎ አብዱልጀባር ነው። ፈዲላም አብራው መጥታለች። ከፈዲላ ቀሚስ ጀርባ የተደበቀችውን ያውቋታል። ሰው እስክትለምድ ድረስ ለመሳም አይቸኩሉባት።

ከትናንት ወዲያ የምንሄደው ሁሉ ፀጉራችንን ተላጨን። ቤት ስገባ አላወቀችኝም። ጮኻ ሸሸችና ምሳም አልበላም አለች። እኔም ትሪውን ሰሌኑ ላይ አድርጌ አጠገቡ ተኛሁ፣ ዓይኔን ጨፍኜ። ብዙ ቆየች። ከዚያ መዳፏ ጭንቅላቴ ላይ ሲያርፍ ተሰማኝ። ግንባሬን፣ ጆሮዬን፣ አፍንጫዬን ዳሰሰች። አባዬ ነው፣ ብላ ለራሷ ነገረችና መብላት ጀመረች።

ስለዚህ አደራዎን፣ አይጋቷት። ጉንጯ ሞልቶ ሲያዩዋት ይገባዎታል። ምግብ ሲቀርብ መጀመሪያ ወደ በሩ ትመለከታለች፤ እኔ ከሥራ የምገባበት ሰዓት ስለሆነ ነው። ያን ጊዜ ነገ ይመጣል አይበሏት፤ ነገ ማለት ገብቷታል፣ ትጠብቃለች። አይጥሯት፣ አይቆጧት። እርስዎ ብቻ መብላትዎን ይቀጥሉ። በሩን አይታ ሲበቃት ዓይኗ ወደ ትሪው ይመለሳል፤ እጇም ይከተለዋል። የበላችው ቢያንስም ይተዉላት፤ በሚቀጥለው ታካክሰዋለች።

እኔ ያለ እሷ እንዴት እንደምበላ ግን ገና አላወቅሁም።

ለጉልበትዎ ምሕረቱን ያውርድልዎ። ትንሣኤውን በጤና ያድርስዎ፤ ከማዕድዎ በረከት አይጉደል። ስለ እኔ በጸሎትዎ አንድ ቃል ይጨምሩ። የተናኜን መቃብር እዚህ አብዱልጀባርና ፈዲላ እየሄዱ ያዩታል፤ ነግሬያቸዋለሁ።

የልጅ ልጅዎ አባት