መሬት የማያስነካ መኝታ

ለማንም ነግሬ አላውቅም፤ ወንድምሽ «ድንኳን ተክለን ሜዳ ላይ እንደር» እያለ ሲለምነኝ በወገቤ ያሳበብኩት ጨለማ ፈርቼ ነው። እንዳማረው ሞተ።

ዛሬ በመጣሁበት ከተማ የድንኳን ፍራሽ ልገዛ አንድ ሱቅ ገባሁ። ሻጯ «በጎንዎ ይተኙ፣ እናቴ» ብላ ወለሉ ላይ አስተኛችኝና እጇን ከዳሌዬ ሥር ሰደደች። «ይሄ መሬት ያስነካዎታል» እያለች ወፍራሙ እስኪገኝ አስለወጠችኝ። እኛ ሰፈር ባለሱቁ ፍራሹን በቡጢ መትቶ «አንበሳ ነው!» ይላል እንጂ ማን አስተኝቶ ያያል? እጇ ይባረክ!

«ወገብዎን ያምዎታል?» አለችኝ።

«ወገቤስ ደህና ነው፤ ጨለማ ነው የምፈራው።»

«ለእሱ ፍራሽ የለንም፤ ሰው ይዘው ይምጡ» ብላ ሳቀች።

ሁለት ገዛሁ፤ አንዱ ያንቺ ነው። ልጆቹን ሳሚልኝና ነይ።

ይድረስ ለባሌ እህት፣ እሱን አንድም ቀን ሜዳ ላይ ብቻውን ላላሳደረችው።