ከኮምፒዩተር ክፍል ወደ ነቀምቴ፦ የመምህር ዋጋሪ ጆቴ የሕይወት ታሪክ (1941–1982 ዓ.ም.)

መምህር ዋጋሪ ጆቴ ከአባታቸው ከአቶ ጆቴ ባቻና ከእናታቸው ከወይዘሮ ወለቴ ኦልጅራ በ1941 ዓ.ም. በወለጋ፣ አርጆ ከተማ ተወለዱ። ፊደል የቆጠሩት እዚያው ነው። ሁለተኛ ደረጃን ነቀምቴ ዘመድ ቤት ተቀምጠው ጨረሱ፤ ለበዓል በጭነት መኪና አርጆ ሲገቡ አቧራ ለብሰው እየሳቁ ነበር የሚወርዱት።

በ1964 ዓ.ም. አዲስ አበባ በሒሳብ ተመርቀው በአንድ መሥሪያ ቤት የኮምፒዩተር ክፍል ተቀጠሩ። አዲስ ፕሮግራም በቴፕ ሲመጣ በትልቁ ኮምፒዩተር ላይ የሚጭኑት እሳቸው ነበሩ። የእያንዳንዱን ፋይል ስም፣ የሚቀመጥበትን ዲስክና የሚይዘውን ቦታ፣ ኮምፒዩተሩ ትእዛዝ በሚያነብበት ባለ ቀዳዳ ካርድ ይወስናሉ። ከኮምፒዩተሩ ፋብሪካ የመጣው ውሳኔ ለመሥሪያ ቤቱ ካልተስማማ ዋናውን ካርድ አይነኩም፤ ለዚያ ሥራ ብቻ የሚሽረው ሌላ ካርድ ይጨምሩበታል። ለዕረፍት ሲመጡ ይህንኑ ግማሹን በኦሮምኛ፣ ግማሹን በአማርኛ ሲያስረዱ፣ እናታቸው ባይገባቸውም ደስ ብሏቸው ያዳምጡ ነበር።

በ1971 ዓ.ም. የአባታቸውን ሞት ሰምተው በድንገት ወደ አርጆ ሲነሡ፣ ለሙከራ የጨመሩትን አንድ መሻሪያ ካርድ ሳያወጡ ቀሩ። ባልደረባቸው አቶ ተረፋ እንደ ወትሮው ሥራውን ሲያስኬዱ የመምህራን ምደባ ፋይል ከቦታው ታጣ። አቶ ተረፋም በአሻጥር ተጠርጥረው ታሰሩ። ወሬው ለቅሶ ቤት ድረስ መጣ።

እናታቸው፣ “ኢልመ ኮ፣ ልጄ፣ አባትህን በቀበርኩ ማግሥት አንተን ልጣ? አትሂድብኝ” ብለው ለመኗቸው።

“ሃርሜ፣ እናቴ፣ ካርዱን የተውኩት እኔ ነኝ። ተረፋ ምንም አያውቅም” አሉና በመጀመሪያው መኪና ወደ አዲስ አበባ ሄዱ።

ፋይሉ አልጠፋም ነበር። መሻሪያው ካርድ ወደ ሙከራው ዲስክ ልኮት ኖሮ አንድ ስም ሳይጎድል ተገኘ። አቶ ተረፋ ተፈቱ፤ መምህር ዋጋሪ ግን በፋንታቸው ለወራት ታሰሩ። ሲለቀቁም ከኮምፒዩተሩ ርቀው ነቀምቴ እንዲያስተምሩ ተመደቡ። ቅጣት መሆኑ ነበር፤ ቤተሰቡ ግን በእልልታ ተቀበላቸው።

ኮምፒዩተር አይተው ለማያውቁ ተማሪዎቻቸው ዲስክና ፋይልን የሚያስረዱት ባዶ የጫማ ካርቶን ደርድረው ነበር። ካርቶኑን ፍለጋ ወደ አቶ ኃይለጊዮርጊስ ጫማ መደብር ሲመላለሱ ከልጃቸው ከወይዘሮ በዛብሽ ጋር ተዋወቁ። ካርቶኑ ከበቃቸው በኋላም መመላለሳቸው አልቀረም፤ በ1974 ዓ.ም. ተጋብተው ገቢሳንና የሺአረግን ወለዱ። የክረምት ዝናብ ቆርቆሮውን ሲደበድበው፣ “ማተሚያው ሥራ ጀመረ” እያሉ ልጆቹን ያስቁ ነበር። ጩኸታሙ ማተሚያ የነበረበትን የኮምፒዩተር ክፍል መናፈቃቸውን የምናውቀው ያኔ ነበር።

በ1981 ዓ.ም. በኩላሊት ሕመም ተያዙ። አዲስ አበባ በታከሙበት ጊዜ ሁሉ ያስታመሟቸው አቶ ተረፋ ናቸው። በኋላ ግን “አገሬ ውሰዱኝ” ብለው ነቀምቴ ተመለሱ፤ ሚያዝያ 17 ቀን 1982 ዓ.ም. በተወለዱ በአርባ አንድ ዓመታቸው ከባለቤታቸው እቅፍ ሆነው ዐረፉ።

ባለቤታቸው፣ ልጆቻቸውና ያስተማሯቸው ሁሉ ዛሬ ሊሸኟቸው ቆመዋል። እናታቸው ወይዘሮ ወለቴም ከአርጆ መጥተው እዚህ ከፊት ተቀምጠዋል። ያመኑበት ጌታ ነፍሳቸውን በሰላሙ ያሳርፍ፤ ዛሬ ወደ ቤታቸው ያለ እሳቸው የሚመለሱትንም እሱ ራሱ ይዞ ያግባቸው። አሜን።