ለዶክተሩ ያልነገርነው

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9። ጠዋት 3 ሰዓት፣ የሆስፒታሉ ኮሪደር

ሾርባ ይዤ መጥቻለሁ። አባዬ በአፉ ምንም አይወስድም፤ እጄ ቦዝኖ እንዳይቀመጥ ነው የሠራሁት። 18 ማዞሪያ ላይ የታክሲው ረዳት ቴርሞሱን እግርሽ ሥር አድርጊው አለኝ። አፈጠጥኩበት። ዛሬ ሰው ሁሉ ያስጠላኛል። አንተም ጭምር፣ ደብተሬ።

ታላቅ ወንድሜ ነስሩ ወንበር ላይ እንቅልፍ ወስዶታል። እንዴት ይተኛል? ከዚህ በኋላ ነ. እያልኩ ነው የምጽፍልህ። ሙሉ ስሙን መጻፍ አላሰኘኝም።

የሆነው ይህ ነው። እሑድ ጠዋት አባዬ ለሶላት ውዱእ ሲያደርግ አፉ ጠመመ፣ ቀኝ እጁ ከዳው፣ መናገር አቃተው። ስትሮክ። ነ. አራት አስፒሪን አስኘከው። ለልብ ሕመም ይሰጣል ሲባል ሰምቶ! አባዬ ደግሞ ዓምና የልቡን ደም ሥር ከፍቶ የሚይዝ የሽቦ ቱቦ፣ ስቴንት፣ ከገባለት ወዲህ በየቀኑ ሁለት ዓይነት ደም ማቅጠኛ ይወስዳል። የቅዳሜውን ራሴ ነኝ ያዋጥኩት።

የዚያኑ ዕለት ዶ/ሩ ጭንቅላቱ ውስጥ የረጋውን ደም በብሽሽቱ በኩል በሚገባ ቀጭን ቱቦ ስቦ ሊያወጣ ተነሳ። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ይወስዳሉ ወይ ብሎ ጠየቀን። ነ. ምንም አይወስድም አለ። ካወቁ፣ ይደማል ብለው አይሠሩለትም ብሎ ፈራ። የአባዬ መድኃኒት ያለበት ፌስታል ቦርሳዬ ውስጥ ነበር። ዝም አልኩ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 10። ከሰዓት 9

የረጋው ደም ወጥቶለት ነበር። ግን የአንገቱ ደም ሥር ጠቦ መልሶ ሊዘጋ ሲል እዚያም ስቴንት አስገቡ። ስቴንቱ ላይ ደም እንዳይረጋ ብለው ጠንካራ ደም ማቅጠኛ በመርፌ ሰጡት። ምንም አይወስድም ብለናቸው የለ! ከዚያ ሲቲ ሲያነሱት ጭንቅላቱ ውስጥ ደም ፈሷል።

ዛሬ ዶ/ሩ ጠራን። መድማቱ ቆሟል። ዓርብ ጠዋት ደም ማቅጠኛውን እንደገና ሊጀምርለት ነው፤ ወስዶ ለማያውቅ ሰው በሚሰጠው ከፍ ያለ መጠን።

ደረጃው ላይ ነ.ን ያዝኩት። እንንገረው አልኩ።

«ዝም በይ! አባዬን የጎዳነው እኛ ነን ልትይ ነው?»

ጎረቤት ሊጠይቅ ሲመጣ፣ ደርሼ አተረፍኩት እያለ ያወራል። አተረፍኩት! ጥርሱን ባረግፍለት እንዴት ደስ ባለኝ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 11። ጠዋት 2፡30

ገባሁ። ፌስታሉን ዶ/ሩ ጠረጴዛ ላይ ዘረገፍኩት። አስፒሪኑንም ነገርኩት። ቢጮህብኝ ይሻለኝ ነበር። አልጮኸም። እሽጎቹን አንድ በአንድ እያነሳ አነበበ።

«አባትሽ እነዚህን መውሰዳቸው የረጋውን ደም ከማውጣት አያግደኝም ነበር» አለ። «ያንን መርፌ ግን እንደዚያ አልሰጥም ነበር።»

መድኃኒት ያልወሰደም ሰው ይደማል፣ የዚህ ብቻ ነው ማለት አይቻልም ብሎ ጨመረ። ሊያጽናናኝ ነው። አልፈልግም። ሊሠራለት ነበር እኮ! በከንቱ ነው የዋሸነው።

የነገውን ትእዛዝ እዚያው ሰረዘው። መጀመሪያ ሌላ ሲቲ፣ ከዚያ አነስ ባለ መጠን።

ያው ቀን፣ ከሰዓት 10

ነ. ሰማ። ሰው ፊት እህት የለኝም አለኝ። ይሁን። እኔም ወንድም ካጣሁ አምስት ቀኔ ነው።

አባዬ ይሰማል። አይናገርም፣ ግን ሲጠይቁት በግራ እጁ እጄን ጭምቅ ያደርጋል። ነ. ጆሮው ሥር ጎንበስ ብሎ ሐኪሞቹ ተሳስተው ነው ሲለው ሰማሁ። ደሜ ፈላ።

ነገ ከሲቲ ሲመለስ እውነቱን እነግረዋለሁ። ሁሉንም በነ. ላይ ልደፈድፈው ነበር ሐሳቤ። ግን እሱ ሲዋሽ አጠገቡ የቆምኩት እኔ ነኝ። ከራሴ እጀምራለሁ። እጁን ከእጄ ቢያወጣም እስከ መጨረሻው እነግረዋለሁ።