የፈታሁት የፊት ፍሬን

እሑድ፣ መስከረም 18 ቀን 1979፣ አፉላ፣ እስራኤል

ውሻ አልነበረም።

ዓመት ሊሞላው ነው። ወደ ኢንዱስትሪው ቀጠና መታጠፊያ ላይ ብቻዬን ስነዳ ከሞተር ወድቄ ጉልበቴ ሲላጥ «ውሻ ገባብኝ» አልኩ። ለጎረቤቴ ለመኩሪያም፣ ለሚስቱም፣ ለሐኪሟም። ጥቁር ነው ብዬ ጨመርኩ። ቀለሙን ማን ጠየቀኝ? እውነቱ... ደንግጬ የፊቱን ፍሬን ጭምድድ አርጌ ያዝኩት። ሞተሩ ቆመ፣ እኔ ቀጠልኩ።

በማግስቱ የፍሬኑን ሽቦ ፈታሁት። እጄ ዳግመኛ እንዳይሳሳት ብዬ። ይኸው እስከ ዛሬ በእግር ፍሬን ብቻ ነው የምሄድ። ከኋላዬ ደግሞ መኩሪያ አለ። የሦስት ልጆች አባት።

ዛሬም እንደ ወትሮው አሥራ ሁለት ተኩል ላይ ወጣን። አንድ የፕላስቲክ ፋብሪካ ነው የምንሠራ። ሚስቱ የምስራች ከደጃፍ ሆና «አያ ሽባባው፣ አደራህን» አለች። ሳትል የዋለችበት ቀን የለም።

«እኔ እያለሁ ምን ይሆናል!» አልኩ። ወይ አፌ።

ማክሰኞ፣ መስከረም 20

መናኸሪያው ፊት አውቶቡስ ድንገት ቆመ። በእግሬ ረገጥኩ። የኋላው ጎማ ተንሸራተተ፣ ሞተሩ በጎኑ ዞረ፣ ከአውቶቡሱ አንድ ክንድ ሲቀረን ቆምን። እንዴት እንደቆምን እግዚአብሔር ያውቃል። እኔ አላውቅም።

መኩሪያ ጀርባዬን መታ መታ አረገኝ።

«አይ አያ! እንዴት አርገህ አዞርካት! ጎንደርም እንዲህ ነበር የምትነዳ?»

«እዚያማ መንገዱ ይከፋ ነበር» አልኩ።

ጎንደር! የወባ መድኃኒት ረጪውን ሰውዬ ሞተር ወንዝ ወስጄ አጥብ ነበር እንጂ መቼ ነዳሁ? እዚህ ስደርስ ግን «ሞተረኛ ነበርኩ» አልኩ። መንጃ ፈቃድ ሲፈትኑኝም ቀስ ብዬ በእግር ፍሬን አለፍኩ። እውነቱን የምታውቅ ባለቤቴ ማሬ ብቻ ነበረች... እሷም ወደዚህ ስንመጣ ሱዳን ቀረች። ብትኖር «አንተ አጣቢ!» ትለኝ ነበር። ነፍሷን ይማር።

ሰኞ፣ መስከረም 26

በዚህ አገር ዘመን መለወጫ በዓል ቄሳችን «አስተስርዮ ሳይገባ፣ ሳትፆሙ በፊት፣ የበደላችሁትን ሰው ይቅርታ ጠይቁ» አሉ። እኔ ለእግዚአብሔር ነግሬዋለሁ፣ ደጋግሜ። ከኋላዬ የሚቀመጠው ግን መኩሪያ ነው።

ማክሰኞ፣ መስከረም 27

ነገርኩት። መንገድ ላይ፣ ሞተሩ እየጮኸ፣ የሁለታችንም ጆሮ በቃስዳ፣ በራስ ቁሩ፣ ተሸፍኖ።

«የፊቱ ፍሬን አይሠራም!»

«አሜን!» አለ።

እንዳይሰማ አርጎ መናገር... መናገር ይባላል?

ረቡዕ፣ መስከረም 28

ከሥራ መልስ መኩሪያን አድርሼ መሀል ከተማ ሳሙኤል ዘንድ ሄድኩ። ሞተር ጠጋኝ ነው፣ ሞሮኮ ተወልዶ እዚህ ያረጀ። ሽቦውን አየ። እኔን አየ።

«ማነው የፈታው?»

«እኔ።»

«ጠላት ያለህ መስሎኝ።»

አሰረልኝ። ከዚያ ጭር ያለ መንገድ ወስዶ አስተማረኝ። መሪውን ቀጥ አርገህ፣ የፊቱንም የኋላውንም አብረህ ያዝ። ስትቆም ክብደትህ ወደ ፊት ይሄዳል፤ ስለዚህ አጥብቆ የሚያቆምህ የፊቱ ነው። «ግን አትንጠቀው። ለአት፣ ለአት።» ቀስ በል ማለቱ ነው። ጣቶቼን ይዞ አሳየኝ።

ላም ማለብ ነው እኮ! ጡቷን ብትነጥቃት ትራገጣለች፤ ቀስ እያልክ ብታጠብቅ ትሰጥሃለች። ልጅነቴን ሙሉ ሳልብ ኖሬ...

አሥራ አምስቴ ቆምኩ። በአራተኛው ሳሙኤል ከፊቴ ሮጦ ሸሸ።

ሐሙስ፣ መስከረም 29

ፍሬኑ ተሠርቷል። እንግዲህ መናገሩ ለምን? ማንም አልተጎዳ... ሰይጣን ጥሩ ጠበቃ ነው።

እሑድ፣ ጥቅምት 2

ሥራ እስከ ቀትር ነበር። ደጃፋቸው ስንደርስ ሞተሩን አጠፋሁ። ቃስዳዬን አወለቅሁ።

«መኩሪያ፣ ቆይ አትግባ። የምስራችንም ጥራት።»

ቆመው ሰሙኝ። ውሻውን፣ ሽቦውን፣ የወንዙን እጥበት፣ ሁሉን ነገርኩ። 

መኩሪያ ደረጃው ላይ ተቀመጠ። «እና ያን ለት አውቶቡሱ ዘንድ...»

«አላዞርኳትም። እሷው ናት የዞረች።»

«እኔ እኮ ለፋብሪካው ሁሉ አውርቻለሁ!» ብሎ ሳቁ ገነፈለ። ሳቁን አይቼ እኔም ልስቅ ስል የምስራችን አየኋት። አልሳቀችም።

«ዓመት ሙሉ አደራ እያልኩህ?»

«አዎ።»

 የፆም ዋዜማ ባይሆን ምን ትለኝ ነበር?

«እግዚአብሔር ይቅር ይበልህ፤ እኔም ይቅር ብያለሁ። እሱ ግን ከማክሰኞ ጀምሮ በአውቶቡስ ነው የሚሄድ።»

«ኧረ ፍሬኑ ተሠርቷል ይልሻል!» አለ መኩሪያ።

«እኔ ፍሬኑን መች አማሁት?»

 ፀሐይ ልትጠልቅ ነው፣ ፆሙ ሊገባ። ነግሬያቸዋለሁ።