አልነሳ ያለው ሰርቨር

ኅዳር 3፣ ዓርብ

የሰርቨር ክፍሉ ዛሬም ይሸታል። አንዱ ምሳ ዕቃውን ማቀዝቀዣው ሥር እያስቀመጠ ነው፣ ቀዝቀዝ ስለሚል መሆኑ ነው። ክዳኑን ከፈት አደረግሁት... ጸጉር አብቅሏል። በሁለት ጣት ይዤ ከነዕቃው ወስጄ ጣልኩት። ከማቀዝቀዣው የሚንጠባጠበውን ውኃ የሚቀበለው ባልዲ ውስጥ ደግሞ የሲጋራ ቁራጭ ይንሳፈፋል። ሆስፒታል ነው እንግዲህ ይሄ።

ለሰርቨሩ አዲሱን አፕዴት ጫንኩለት። የበሽተኛው ራጅና ሲቲ ሁሉ ያለው እሱ ላይ ነው። ሰኞ ጠዋት አጥፍቼ አስነሳዋለሁ። አለቃዬ ተስማምቷል። ስሙን እዚህ መጻፍ እንኳ ያስጠላኛል። ቢሮው በሙሉ ሽቶ ነው የሚለው፣ ሽታው ቀድሞት ይገባል፣ እሱ ከወጣ በኋላም ተደላድሎ ይቀመጣል።

እትዬ ደወለች። ታላቅ እህቴ ናት፣ እናታችን ካረፈች ወዲህ እናትም ሆናኛለች። ሳል አልለቅ ብሏት ሲቲ ተነስታ ሳንባዋ ላይ የሆነ ነገር ታይቷል። ቀዶ ሐኪሙ "ከድሮው ምስል ጋር ላስተያየው። ካደገ ቆርጬ አወጣዋለሁ፣ ካላደገ አልነካውም" ብሏታል። ድሮ እዚሁ ተነስታ ነበር። ፊልም ማተም ካቆምን ቆየን፣ ያለው ሰርቨሩ ላይ ብቻ ነው። ሰኞ ሐኪሙ ራሱ ከፍቶ ያየዋል አልኳት።

"አደራህን" አለችኝ። እሷ እንዲህ የምትል ሰው አልነበረችም... ፈርታለች።

ኅዳር 6፣ ሰኞ

አልነሳም።

አጠፋሁት፣ አበራሁት። ጥቁር ስክሪን። ጥግ ላይ አንዲት ሰረዝ ብልጭ ድርግም ትላለች፣ በቃ። የዲስኮቹን መብራት በየተራ አየሁ፣ ሁሉም አረንጓዴ። የሞተ የለም። ታዲያ ምን ሆነህ ነው አንተ?

ሽቶ መጣና መሀረቡን አፍንጫው ላይ አድርጎ በሩ ላይ ቆመ። ክፍሉ ሸቶት። እሱን።

"ዲስኩ ሞቷል" አለ።

"መብራቱ እኮ አረንጓዴ ነው።"

"መብራት ምን ያውቃል። ያለበትን ሁሉ አጥፋና እንደ አዲስ ጫነው።"

ሐሙስ ከበላይ መሥሪያ ቤት ጎብኚዎች ይመጣሉ። እስከዚያ የሚሠራ ማሽን ነው የሚፈልገው፣ ባዶም ቢሆን። የስንት ሰው ሳንባ፣ የስንት ሰው ጭንቅላት ያለበትን ነገር... እንደ ጥቁር ሰሌዳ ጥረገው ይለኛል። መጠባበቂያ ቅጂ የለንም እኮ አልኩት። "ለምን አልኖረም?" ብሎ ዓይን ዓይኔን አየኝ። ለምን አልኖረም!

ሁለት የዲስክ ስብስብ ነበረን። አንዱ ለሥራ፣ አንዱ ለመጠባበቂያ። "ምን ይከፋፈላል" ብሎ ሁሉንም አንድ ግዙፍ ዲስክ ያስደረገው እሱ ነው። እንግዳ ሲመጣ ስክሪኑን እየጠቆመ "አቅማችን ይኸውላችሁ" ማለት ይወዳል። ቁጥሩ ከፍ እንዲልለት። ያኔ ተከራክሬ ነበር፣ ማን ሰምቶኝ።

አንጀቴ ተቃጥሎ ነው የመጣሁት። ምሳም አልበላሁ፣ እራትም አላሰኘኝም።

ኅዳር 7፣ ማክሰኞ

ከፍላሽ አስነስቼ ወደ ዲስኩ ገባሁ። ምስሎቹ አሉ! አንድም አልተነካም። ግን ፋይሎቹ በቁጥር ነው የተቀመጡት፣ ሰርቨሩ በራሱ ተነስቶ ፕሮግራሙ ካልሠራ የማን ሳንባ የማን እንደሆነ አይለይም። እትዬ እዚያ ውስጥ አለች... የቷ ናት?

ከሰዓት በኋላ ምክንያቱን አገኘሁት። እንዴት ቀላል ነገር ነው። ይህ አሮጌ ማሽን ሲነሳ ማየት የሚችለው የዲስኩን የመጀመሪያውን ሁለት ቴራባይት ብቻ ነው። ከዚያ ወዲያ ላለው ዕውር ነው። ማስነሻ ፋይሉ፣ ማሽኑ ሲበራ መጀመሪያ የሚያነበው ማለት ነው፣ እስከ ዛሬ ቀረብ ብሎ ተቀምጦ ስለነበር ማንም አላወቀ። የዓርቡ አፕዴት አዲስ ማስነሻ ፋይል ሲያመጣ ቅርብ ያለው ቦታ በምስል ሞልቷል፣ ስለዚህ ራቅ ብሎ ሄዶ ተቀመጠ። ማሽኑ ሊነሳ ይፈልገዋል፣ አያየውም። በቃ ይኸው ነው።

ዲስኩ እንደ ድሮው ተከፋፍሎ ቢሆን ይህ አይመጣም ነበር። ለአንድ ሰው ጉራ ሲባል።

ቀዶ ሐኪሙ ጋ ሄድኩ። "እኔም ሳላይ መክፈት አልወድም" አለኝ፣ ደክሞታል። "ግን ክፉው ከሆነ መጠበቅ አይሆንም። እስከ ሐሙስ ካልመጣ ዓርብ እገባለሁ።"

ለእትዬ ደወልኩ። "የትኛውን ጎን ነው የሚቆርጡት?" አለችኝ። የቀኙን ነው አልኳት። ሌላ ምን ይባላል?

ኅዳር 8፣ ረቡዕ

ጠዋት ለሽቶ አስረዳሁት። ዲስኩ ደህና ነው፣ ማሽኑ ማስነሻውን ማየት ነው ያቃተው፣ ማስነሻውን ለብቻው ትንሽ ዲስክ ላይ ባደርገው ይነሳል... ጥሩ አድርጎ አዳመጠኝ። ራሱን እየነቀነቀ። ከዚያ ፊቱ ተለወጠ።

"ዲስኩ አንድ በመሆኑ ነው እያልከኝ ነው?"

"አዎ፣ እሱ ነው።"

"ጥፋተኛው አንተ ነህ በለኛ።"

በጠረጴዛው ላይ ወደ እኔ ጠጋ አለ።

"ስማ፣ ዲስኩ ሞቷል ብዬ ለላይ ነግሬያለሁ። ቃሌን አታሳጣኝ። ነገ ጠዋት ሳልገባ አጥፍተህ ጫን። እንቢ ካልክ ራሴ አጠፋዋለሁ።"

እህቴን ነገርኩት። አልፈለግሁም ነበር፣ ግን ነገርኩት። ዓርብ ደረቷ ሊከፈት ነው አልኩት። "እግዜር ይማራት" አለና ስልኩን አነሳ። ለጎብኚዎቹ ስለሚቀርበው ለስላሳ ነው የሚያወራው። ቀዝቃዛ ይሁን ይላል። ወጥቼ ፊቴን ታጠብኩ።

ከዚያ በኋላ ማንንም አልጠየቅሁም። ዕቃ ክፍል ከተጣሉት ኮምፒውተሮች መሀል አንዱን ከፈትኩ። ውስጡ አቧራና የደረቀ በረሮ። እፍ ብዬ ትንሿን ዲስክ ፈታሁና ወደ ሰርቨሩ ወሰድኳት። ማስነሻውን እሷ ላይ አደረግሁ። ማሽኑን መጀመሪያ እሷን እንዲያይ አዘዝኩት።

ሰረዟ ብልጭ አለች... ጠፋች። ከዚያ ጽሑፉ መውረድ ጀመረ። ባልዲው አጠገብ መሬቱ ላይ ተቀመጥኩ። በዚያ ቆሻሻ ላይ።

የእትዬን ስም ጻፍኩ። ወጣች።

ኅዳር 9፣ ሐሙስ

ሐኪሙ ሁለቱን ምስሎች ጎን ለጎን አድርጎ ለካ። ደግሞ ለካ። እትዬ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ቆማለች፣ እኔ የግድግዳውን የተላጠ ቀለም አያለሁ።

"ያው ነው" አለ። "አላደገም። የድሮ ሕመም ጠባሳ ነው። ይሄን አልነካም። ለሳሉ ሌላ መድኃኒት እንሰጥሻለን።"

እትዬ ኮሪደሩ ላይ ወዲያው አላለቀሰችም። "ቤቴን ጠርጌ፣ ለጎረቤት ቁልፍ ሰጥቼ፣ ተናዝዤ ጨርሼ... ምን ልበላቸው አሁን?" አለች። ከዚያ አለቀሰች።

ወደ ታች ስወርድ ሽቶ ከጎብኚዎቹ ጋር ሰርቨሩ ፊት ቆሟል። የሚሠራ ማሽን ጠብቆታል፣ አጥፋው ማለቱን ረስቶታል። "አቅማችን ይኸውላችሁ" ይላል። አንዱ እንግዳ ያጨበጭባል። ለምን እንደሚያጨበጭብ እሱም አያውቅ።

ኅዳር 14፣ ማክሰኞ

ስብሰባ። የሆስፒታሉ ዳይሬክተር ሰርቨሩ እንዴት እንደዳነ ጠየቀች። ሽቶ ክራቫቱን አስተካከለ።

"ብዙዎች ይጥፋ ብለው ነበር። የሕዝብ መረጃ አይነካም ብዬ የቆምኩት እኔ ነኝ።" ወደ እኔ ዞረ። "አይደለም እንዴ?"

ፈገግ ይላል። እንደምስማማ እርግጠኛ ነው። እርግጠኛ የሆነውም ሁሌ ስለምስማማለት ነው። በስንቱ ስብሰባ ራሴን ነቅንቄለታለሁ... ዛሬ ግን የእትዬ ደረት ዓይኔ ላይ መጣብኝ። ተቀድዶ።

"አይደለም" አልኩ።

ወደ እሱ ዞርኩ።

"አጥፋው ያሉኝ እርስዎ ነዎት። እህቴ ዓርብ ልትቀደድ መሆኑን ነግሬዎትም አጥፋው አሉኝ።"

ከዚያ በኋላ ማን ምን እንዳለ በደንብ አላስታውስም። ዳይሬክተሯ ብዕሯን አስቀመጠች። ሽቶ "ተረባብሾ ነው" ሲል ሰማሁ። በሩን ከፍቼ ወጣሁ።

ኅዳር 27፣ ሰኞ

አታሚ ማሽን ጥገና ተመድቤያለሁ። "ለጊዜው" ነው የተባለው፣ የዚህ ቤት ለጊዜው ደግሞ ይታወቃል። የሰርቨር ክፍሉን ቁልፍ አስረከብኩ። ሽቶ ከወንበሩ ንቅንቅ አላለም፣ እንዲያውም አዲስ ክራቫት ገዝቷል። ማየቱ አሁንም ያስጠላኛል፣ እሱ አልተለወጠም። ዳይሬክተሯ ግን መጠባበቂያ ዲስኮቹን አስለይታለች። ስክሪኑ ላይ ያለው ቁጥር በግማሽ ወርዷል፣ እሱም ቢሆን ትንሽ ነገር አይደለም።

ማዋለጃ ክፍል ቀለም ተደፍቶብኝ እስከ ክርኔ ጠቁሬ ዋልኩ። አዋላጇ "ምንድን ነው የወለድከው?" ብላ አሳቀችኝ።

ማታ እትዬ ደወለች።

"በኔ ምክንያት ነው ከወንበርህ የወረድከው አይደል?"

"በገዛ አፌ ነው።"

"የእናትህ አፍ ነው። እሷም ዝም በይ ሲሏት ነበር የሚብስባት" አለችና ሳቀች። ሳሉ ትቷታል። ስትስቅ አትጨርስም፣ ትንሽ ታርፍና እንደገና ትጀምራለች። ስልኩን ጆሮዬ ላይ ይዤ አዳመጥኳት። በሁለቱም ሳንባዋ ነው የምትስቀው።