ለጋሽ ደርዊሽ የተረጎምኩት የጃፓን ድራማ

ጥር 5 ቀን 1980፣ ሐሙስ

የጋዜጣችን አዘጋጅ ታደሰ ዛሬ ጠረጴዛዬ ላይ ተደግፎ፣ «ዙፋን፣ አዲሱን የጃፓን ድራማ እይና የመጀመሪያ ስሜትሽን ለአምድሽ ጻፊልኝ» አለኝ። «ሞቅ አድርጊው። ሐዘን አታብዢ፣ ሳንሱሮቹ አይወዱም።» ስለተለያየ ቤተሰብ የሚያወራ ድራማ... ሞቅ አድርጊው። ለአለቃ ምን ይባላል?

ማታ ቤቴ ሞላ። በሰፈሩ ቴሌቪዥን ያለኝ እኔ፣ ከሥር የሚጻፈውን እንግሊዝኛ የምተረጉም እኔ። ጎረቤቶቼ ጋሽ ደርዊሽና ባለቤታቸው እትዬ ኡምሀኒ እንደ ልማዳቸው ሶፋው ላይ።

አንድ ጀልባ ሠሪ ሽማግሌ አለ። ከትንሹ ልጁ ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር እየኖሩ አይነጋገሩም። ግን ተኮራርፈውም እጅ ይነሳሳሉ! ጋሽ ደርዊሽ በሳቅ ፈረሱ። «እንዲህ ተከባብረው ምኑን ተጣሉት? የኛን የሾፌሮች ጠብ ቢያዩ በድንጋጤ ይሞታሉ።»

«ጃፓኖች ቶዮታ ብቻ የሚሠሩ ይመስለኝ ነበር» አሉ እትዬ ኡምሀኒ። «ማልቀስም ያውቁበታል ለካ!»

ከዚያ እናትየዋ ሩዝ ሞልታ የትልቁ ልጇ ፎቶ ፊት አስቀመጠች። 

«አየሽልኝ እናት! ልጇ ርቆባት ድርሻውን ታነሳለታለች» አሉ እትዬ ኡምሀኒ።

ሁላችንም እንደዚያው መሰለን።  የማን ልጅ ትዝ እንዳለን ያልገባው የለም...

ጥር 7፣ ቅዳሜ

አብዱልጀባር። ይኸው እዚህ እንኳ ስሙን ከጻፍኩ ስንት ጊዜ ሆነኝ? የእነ ጋሽ ደርዊሽ ልጅ። አምና ለብሔራዊ ውትድርና ሲመለምሉ አባትየው በጭነት መኪናቸው ከሚሴ ወስደው ዘመድ ቤት ሊደብቁት ሁሉን አመቻችተው ነበር። ልጁ ከኳስ ጓደኞቹ ጋር ሄዶ ተመዘገበ። «እነሱ ሲሄዱ እኔ ሸራ ሥር ልደበቅ?» አባት ማሉ። ልጅ የለኝም፣ ስሙ በቤቴ እንዳይነሳ! ሳይሰናበቱት ሄደ። ስሙም አልተነሳ።

ዛሬ እትዬ ኡምሀኒ በአጥሩ በኩል ጠሩኝ። በሹክሹክታ።

«ዙፋኔ፣ ትናንት ድርሻውን አነሳሁለት። እንደ ጃፓኗ። ደርዊሽ አየ።»

«ውይ! ምን አሉ?»

«ምንም። ክዳን ፈልጎ ከደነው።»

ጥር 12፣ ሐሙስ

ሁለተኛው ክፍል። ጋሽ ደርዊሽ ሦስቴ ጠየቁኝ። «ያ ፎቶው ላይ ያለው ልጅ መቼ ነው የሚመጣው?» እኔ ምን አውቄ... ሳይመጣ አይቀርም አልኳቸው።

ጥር 16፣ ሰኞ

የእድራችን ዳኛ ጋሽ ለሜሳ ጠዋት ፌርማታው ላይ ክንዴን ይዘው ወደ ጎን ወሰዱኝ።

«የደርዊሽ ልጅ አርፏል። ሰሜን። ለኛ ከቀበሌ ነገሩን።»

ቆሜ ቀረሁ። አውቶቡሱም ሄደ።

«የኡምሀኒ ወንድም ከከሚሴ እስኪመጣ መርዶ አይነገርም። እንዲያውም እሱስ ቢመጣ... ልጅ የለኝም ብሎ የማለን ሰው፣ ልጅህ ሞተ ብለን በሩን እንዴት ነው የምናንኳኳው? አንቺ የተማርሽ ነሽ፣ እስቲ ንገሪን።»

ነጠላዬን ወደ ፊቴ ሳብኩ።

«እንግዲህ ፊትሽን ጠብቂ» አሉኝ።

መጠበቁንስ እጠብቅ። ሐሙስ ሶፋው ላይ ሲቀመጡስ?

ጥር 19፣ ሐሙስ

ቴሌቪዥኑ ተበላሽቷል ልል ነበር። እትዬ ኡምሀኒ ቆሎ ይዘው ከሁሉም ቀድመው ገቡ።

መነኩሴ መጣ። ፎቶው ፊት ትንሽ ደወል መትቶ መጸለይ ጀመረ። እናትየዋ አጠገቡ ተንበርክካ፣ «ልጄ ከሞተ ሰባት ዓመቱ። አባቱ አንድ ቀን ስሙን አልጠራም» አለች።

ለካ ሩዙ የሙት ነው! እንዲህ ነው ለካ ሙታቸውን የሚያስቡት። እኛ ደግሞ...

«ምን አለች?» ጋሽ ደርዊሽ ናቸው።

«ከሄደ... ሰባት ዓመቱ አለች።»

«ታዲያ ቄሱ ምን ይሠራል?»

«በሰላም እንዲመለስ እየጸለየ ነው።»

ከየት መጣልኝ? ከየት?

ጋሽ ደርዊሽ ጉልበታቸውን በጥፊ መቱ። «ይሄ ሽማግሌ ጅል ነው። ሰባት ዓመት ቁጭ ብሎ ይጠብቃል? እግር የለውም? ወላሂ እሄዳለሁ ኡምሀኒ! ቅዳሜ የደሴ ጭነት አለኝ። ከደሴ ወዲያ ከኮንቮይ ጋር እገባለሁ። መሐላውን ጾሜ አወርደዋለሁ።»

እትዬ ኡምሀኒ እልል አሉ። ሰው ሁሉ አጨበጨበ። ጋሽ ደርዊሽ እየሳቁ ዓይናቸውን ጠረጉ። እኔም ሳቅሁ። አብሬ ሳቅሁ።

ጥር 20፣ ዓርብ

ጋሽ ለሜሳ ዘንድ ሄጄ ሁሉንም ነገርኳቸው። ራሳቸውን ያዙ። «ምን አደረግሽ አንቺ ልጅ!» የእትዬ ኡምሀኒ ወንድም ዛሬ ይገባል። ነገ ጠዋት ይነገራል።

ጋሽ ደርዊሽ ከሳሪስ ሲመለሱ በር ላይ አገኙኝ። ለልጁ ሸሚዝ ገዝተዋል። ሰማያዊ። «ትከሻው ሰፍቶ ይሆናል፣ አይደል? ወታደር ነው እኮ» አሉኝ።

ሰፍቶ ይሆናል አልኳቸው።

ጥር 21፣ ቅዳሜ

መኪናው ተነስቶ እየሞቀ ነበር። ጋሽ ደርዊሽ ሽማግሌዎቹ ሰብሰብ ብለው ሲመጡ አይተው ከላይ ሆነው ሳቁ። «አጀብ! ለኔ ሽኝት ይሄ ሁሉ ሰው?»



ከዚያ የሚስታቸውን ወንድም ከኋላ አዩት። ሞተሩን አጠፉ። አልወረዱም። መሪውን እንደያዙ ቀሩ። ጋሽ ለሜሳ ገና አፋቸውን ሳይከፍቱ እትዬ ኡምሀኒ ከውስጥ ጮኹ።

ጥር 23፣ ሰኞ

ድንኳን ውስጥ፣ ሰው ሁሉ ባለበት፣ ጋሽ ደርዊሽ በእጃቸው ጠሩኝ።

«ሐሙስ ታውቂ ነበር?»

«አውቅ ነበር፣ ጋሽ ደርዊሽ።»

«ሌሎቹም ያውቁ ነበር። ዝም አሉኝ። እሱ ደንብ ነው፣ አልቀየማቸውም። አንቺ ግን ለሞተ ልጅ ሸሚዝ አስገዛሽኝ።»

 ፊታቸውን አዞሩ። እኔም ወጣሁ።

ጥር 26፣ ሐሙስ

ለቅሶ ቤት አጠገብ ቴሌቪዥን አይከፈትም። ታደሰ ጽሑፉስ አለኝ። የለም አልኩት። «አንቺ? አንቺ ወሬ አጥተሽ?» ብሎ ሳቀ።

የካቲት 8፣ ማክሰኞ

ጋሽ ደርዊሽን መንገድ ላይ አገኘኋቸው። እጅ ነሳሁ። አለፉኝ።

የካቲት 17፣ ሐሙስ

ከሳምንት በፊት የሰፈሩን ሰው ጠርቼ ማንም አልመጣም ነበር። ዛሬ አልጠራሁም። በሩ ተንኳኳ። እትዬ ኡምሀኒ፣ ብቻቸውን። ሶፋውን ትተው እኔ አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀመጡ። እንዴት ከስተዋል!

«ክፈቺው።»

«እትዬ ኡምሀኒ፣ ይቅር ይበሉኝ፣ እኔ...»

«ክፈቺው አልኩሽ። ደርዊሽ እንደሁ ያንቺን በር አያይም፣ አትጠብቂው። እኔ ግን ያቺ ሴትዮ እንዴት እንደቻለችው ማየት እፈልጋለሁ። ሩዙ ለማን እንደሆነ ለሜሳ ነግሮኛል። እንዳታሳምሪልኝ። እንዳሉት ንገሪኝ።»

ከፈትኩት። ሽማግሌው ለመጀመሪያ ጊዜ ፎቶው ፊት ተቀምጧል። ብዙ ቆየ። ከዚያ ተናገረ።

«ምን አለ?»

ወደ እሳቸው ዞርኩ። 

«ልጄ ሞተ አለ። ሳልታረቀው ሞተ አለ።»

እትዬ ኡምሀኒ ዓይናቸውን ከቴሌቪዥኑ አልነቀሉም።

«ቀጥዪ» አሉኝ።

ቀጠልኩ።